ገላችን ላይ የቀረው ጸጉር

ክንዴን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳየው ጸጉር የሌለበት ቦታ አጣሁ። ስስ ነው፣ አጭር ነው፣ ቀለሙም የሳሳ ነው። ግን አለ። ግንባሬም ላይ፣ የጆሮዬም ጫፍ ላይ አለ። ጭራሽ የሌለው መዳፍ፣ የውስጥ እግርና ከንፈር ላይ ነው።

ሰሞኑን የያዘኝ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አብዛኞቹ ሌሎች አጥቢ እንስሳት ከአናት እስከ ጭራ ጥቅጥቅ ባለ ጸጉር ተሸፍነው ሳለ፣ የእኛ ገላ ለምን እንዲህ ሆነ?

የእኛም የእነሱም ጸጉር የሚሠራው ከአንድ ነገር ነው፤ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን። ጥፍርም፣ የአውራሪስ ቀንድም ከዚሁ ነው። ብዙዎቹ እንስሳት ግን ድርብ አላቸው። ከሥር ሙቀት የሚይዝ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ደግሞ ዝናብ የሚመልስ ረጅምና ጠንካራ። እኛ የሥረኛው የለንም። ይበልጥ የደነቀኝ ግን ቁጥሩ ነው። የሰው ገላ ላይ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የጸጉር መብቀያ አለ። ከዚህ ውስጥ ራስ ላይ ያለው ወደ 100 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ በኩል ከቺምፓንዚ ብዙም አንለይም። መብቀያው እንዳለ አለ፤ የሚያበቅለው ጸጉር ነው የቀጠነውና ያጠረው።

ለምን ቀጠነ ለሚለው ብዙ መላ ምት አለ። እኔን የሚያሳምነኝ የላቡ ነው። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። የሰው ገላ ግን ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚሆኑ ውሃማ ላብ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉት። ላቡ ቆዳ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ቢኖር ኖሮ ላቡ ጸጉሩን ያርሰው ነበር እንጂ ቆዳውን እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም። ጥንታውያኑ ቀደምቶቻችን በቀጥታ ፀሐይ ሥር፣ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ይጓዙ ከነበረ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዳኙ አውሬ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ እነሱ መሄድ ይችላሉ።

ታዲያ ራስ ላይ ያለው ለምን ቀረ? ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ፍጥረት ፀሐይዋ የምታርፈው አናቱ ላይ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሙቀት የማይችል አንጎል አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲና ላሲሲ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እንደ ሰው የሚሞቅ አሻንጉሊት ላይ የተለያየ ዊግ እያደረጉ ለክተውታል። የትኛውም ጸጉር ከፀሐይ የሚመጣውን ሙቀት ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ የሚከላከለው ግን እጅግ የተጠቀለለው፣ ከርዳዳ የምንለው ነው። ይህን ሳነብ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። አስቸጋሪ ነው፣ አይበጠርም እየተባለ በስንት ኬሚካልና በስንት እሳት ቀጥ እንዲል የሚደረግ ጸጉር፣ ለአንጎል ከሁሉ የተሻለ ጥላ ሆኖ ተገኘ።

ርዝመቱ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። የራስ ጸጉር ሳያቋርጥ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የቅንድብና የክንድ ጸጉር ግን ጥቂት ወራት አድጎ ይቆምና ይረግፋል። ቅንድባችን ትከሻችን ላይ የማይደርሰው ለዚህ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ገላ መራቆቱን ከተቃራኒ ጾታ ምርጫ ጋር አያይዞት ነበር። ድርሻ አይኖረውም አልልም፤ ግን ብቻውን አይበቃኝም።

አሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ሌላ ነገር ነው። የቆዳ ቀለምን ከሚወስኑት ጂኖች አንዱን ያጠኑ ሰዎች፣ ቀደምቶቻችን ቢያንስ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጥቁር ቆዳ እንደነበራቸው ገምተዋል። ጸጉር ሲሳሳ ቆዳው ራሱን ከፀሐይ የሚከልልበት ቀለም ያስፈልገዋልና፣ ያኔ ገላቸው ተራቁቷል ማለት ነው። ልብስስ? እዚህ ላይ ምስክሯ ቅማል ናት። ልብስ ላይ የምትኖረው ቅማል ከራስ ቅማል የተለየችው ከ170 ሺህ ዓመት በፊት አካባቢ እንደሆነ በዘረመል ተሰልቷል። በመሀል ያለው ወደ 1 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል! ጸጉርም ልብስም ሳይኖር ያ ሁሉ ሌሊት እንዴት ታለፈ? ምናልባት እሳት ነበር፣ ተጠጋግቶ መተኛት ነበር። ሕፃን የያዘች እናትን ሳስብ ግን ልቤ ይነካል። የቺምፓንዚ ግልገል የእናቱን ጸጉር ጨብጦ ይንጠለጠላል። የሰው ልጅ የሚጨብጠው የለውም፤ እናቱ መሸከም አለባት።

ብርድ ሲወርረን ወይም ስንደነግጥ ጸጉራችን ይቆማል። እያንዳንዱ ጸጉር ሥር ያለች ትንሽ ጡንቻ ናት የምትስበው። ለድመት ሙቀት ይይዝላታል፣ ተለቅ ብላ እንድትታይም ያደርጋታል። ለእኛ ምንም አያሞቀንም። ቢሆንም ደቃቁ ጸጉር ሥራ ፈት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሙከራ ፈቃደኞች አንድ ክንዳቸውን ተላጭተው ትኋን ተለቀቀባቸው። ባልተላጨው ክንድ ላይ ትኋኑ የሚነክስበትን ቦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ሰዎቹም ቶሎ ነቁበት።

ጸጉር ያጣነው እኛ ብቻም አይደለንም። ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ዶልፊን፣ ጸጉር አልባው ፍልፈልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የ62 አጥቢ እንስሳትን ዘረመል አወዳድሮ፣ እነዚህ እርስ በርሳቸው የማይቀራረቡ ፍጥረታት ጸጉራቸው ሲሳሳ በአብዛኛው ተመሳሳይ ጂኖችና የጂን መቆጣጠሪያዎች እንደተለወጡባቸው አሳይቷል። አጥኚዎቹ ይህ ዕውቀት በመላጣነት ወይም በካንሰር ሕክምና ጸጉራቸውን ላጡ ሰዎች አንድ ቀን ሊጠቅም ይችላል ብለው ያስባሉ። በሕክምና ምክንያት ጸጉሩ የረገፈበትን ሰው በቅርብ ስለማውቅ፣ ከዚህ ሁሉ ንባብ እንዲሳካ አጥብቄ የምመኘው ይህንን ነው።