በሦስት ነጥብ

ምንም አልሆንኩም። ማንም አላስቀየመኝም። ዝም ብሎ የዲሴምበር እሁድ ነው፤ ሚኒሶታ ደግሞ በዚህ ወር ምሳ በልተህ ሳህኑን ሳታነሳ ይጨልማል። ድብርት ላይ ነኝ። የመኪናዬን ኢንሹራንስ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያ ስጎረጉር ያ አረንጓዴ ደብተር ወጣ።

የ2022ቱ። ታስታውሱታላችሁ፣ ሁላችሁንም በፉትቦል ትንታኔ ያሰለቸኋችሁ ዓመት ነው። (የኛን እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኖቹን፣ በእጅ የሚጫወቱትን።)

ከእሷ ጋር ዓመቱን ሙሉ ውርርድ ነበረን። የተሸነፈ የእሁድ ቡና ያፈላል። እኔ ቡድኖቹ በአንድ ሙከራ በአማካይ ስንት ያርድ እንደሚሄዱ፣ ስንት ኳስ እንደሚነጥቁ፣ ስንት እንዳስቆጠሩና ስንት እንደተቆጠረባቸው ስመዘግብ አመሻለሁ። እሷ ስሙን ሰምታ እንስሳውን ታያለች። ንስር ከድብ ይበልጣል። አንበሳ ካለ ደግሞ አለቀ፣ አንበሳ ነው። ላየንስ (አንበሶቹ) የኛን የሚኒሶታውን ቡድን ቫይኪንግስን 34 ለ 23 የገረፈ ቀን ጀበናውን እጄ ላይ አስቀምጣ "ቁጥርህ ቡና ይወቅጣል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ስቻለሁ። "በሩጫ ብዙ የሚጫወት ያሸንፋል" ብዬ ስንት ሳምንት ጀበና ጣድኩ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እየመራ ያለ ቡድን ነው ሰዓት ለመግደል ኳስ ይዞ የሚሮጠው። ድንኳን ስለተተከለ ሰርግ ሆነ እንደማለት ነው፤ ድንኳን ደግሞ ለለቅሶም ይተከላል።

በኋላ ነው የነጥብ ልዩነት የገባኝ። ከቤዝቦል የተወሰደ ቀመር አለ። ያስቆጠርከውንና የተቆጠረብህን በ2.37 ርቢ ታሳድግና የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ። ውጤቱን በጨዋታው ብዛት ስታባዛው ስንት ጨዋታ ማሸነፍ "ይገባህ" እንደነበር ይነግርሃል። የዚያን ዓመት ቫይኪንግስ ከ17 ጨዋታ 13 አሸነፈ። አስቆጥሮ የነበረው ግን 424፣ የተቆጠረበት 427! በቀመሩ ከሄድን 8 ጨዋታ የሚያሸንፍ ቡድን ነው። በ8 ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያለቁ 11 ጨዋታዎች ነበሩት፣ አስራ አንዱንም አሸነፈ።

ቡፋሎ ላይ የሆነውን ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ። 41 ሰከንድ ቀርቷል፣ የቡፋሎው ቢልስ እየመራ ነው፣ ኳሱም በእጁ ነው። ከገዛ መስመሩ ስር ኳሷን ሲቀባበሉ አመለጠቻቸው። የኛ ልጅ ተደፋባት፣ ታችዳውን፣ ማለትም ስድስት ነጥብ። አጠገቡ "ዕድል" ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ኳሷ ሞላላ ናት፣ ወድቃ ወዴት እንደምትነጥር ራሷም አታውቅም። ማን እንደሚያነሳት ሳንቲም እንደመወርወር ነው። በሳምንቱ ዳላስ መጥቶ እዚሁ ሜዳችን ላይ 40 ለ 3 አደረገን።

ኮልትስ የመጣ ቀን እረፍት ላይ 33 ለ 0 ሲመሩን "አበቃ፣ ቁጥር አይዋሽም" ብዬ ጻፍኩና ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ወረድኩ። እሷ ሶፋው ላይ ቀረች። ካልሲ እያጣጠፍኩ ጩኸቷን በጣሪያው በኩል ሰማሁት። 39 ለ 36 አሸነፍን፣ በተጨማሪ ሰዓት። በሊጉ ታሪክ ትልቁ ከኋላ ተነስቶ ማሸነፍ፣ እኔ ማድረቂያ ማሽን ስር ሆኜ።

እርግጥ መጨረሻ ላይ ደብተሩ ልክ ሆነ። በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ጃይንትስን ሰዓት ሲያልቅ በ61 ያርድ ምት 27 ለ 24 አሸንፈው ነበር፤ ጃንዋሪ ላይ ያው ጃይንትስ በጥሎ ማለፉ መጥቶ 31 ለ 24 አሰናበታቸው። "አላልኩም?" አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ተነስታ ስኒዎቹን አጠበች። ልክ መሆን እንደዚያ ደስ የማይል ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ድምር አለ። የ13ቱ ድሎች የነጥብ ልዩነት ሲደመር 86። የ4ቱ ሽንፈቶች 89። ስሩ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ዛሬ ያችን መስመር ሳይ የራሴን መደመር ጀመርኩ። የቤት ኪራይ፣ በየወሩ በሰዓቱ፣ በሦስት ነጥብ። መንጃ ፈቃድ፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ በሁለት ነጥብ። የሌሊት ፈረቃው ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እሱንም በተጨማሪ ሰዓት በሉት። ሰው ሲጠይቀኝ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም፣ ሰንጠረዡ ላይ ብዙ ድል አለኝ። አራቱን ሽንፈቶች ታውቋቸዋላችሁ፣ አልደግማቸውም። አሁን የእሁድ ቡና ማንም ቢሸነፍ እኔው ነኝ የማፈላው።

ቀመሩ እኔን ስንት ይለኛል? 8? ወይስ ኳሷ ወደኔ ስለነጠረች ብቻ ነው እስካሁን የቆምኩት?

ዛሬ ማታ ላየንስ ይጫወታል። የተጋጣሚውን ቁጥር ሁሉ አየሁ፣ በአማካይ ያርድ ይበልጣል፣ በነጥብ ልዩነትም ይበልጣል። ደብተሩን ዘግቼ አንበሳን መረጥኩ። ከማን ጋር እንደተወራረድኩ ግን እንጃ።