በብሉ ሪጅ ተራሮች አጠገብ፦ የስለት ምስክርነት

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ራሴ በገጣጠምኩት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ብቻዬን ስበር አቅጣጫ ጠፍቶኝ ሳለ፣ በሰላም ካረፍኩ የተደረገልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደምናገር በቅዱስ ሚካኤል ስም ተስዬ ነበር።

አውሮፕላኑን የሠራሁት በቤቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። የአገሩ ሕግ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን የሚቀበለው ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ በሠሪዎቹ እጅ ሲከናወን ስለሆነ፣ ጥፋት ሲገኝ ጣቴን የምቀስርበት ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከሚያዝያ ጀምሮ በአብራሪው ፊት ባለው ስክሪን ላይ የሚታየው አቅጣጫ አንዳንድ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ይስትና ቆይቶ በራሱ ይስተካከላል። የምድርን መግነጢስ ለክቶ ለስክሪኑ አቅጣጫውን የሚነግረው ማግኔቶሜትር የሚገኘው በቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ ነው። መሣሪያውን እንደገና አስተካከልኩት፣ ሶኬቱን ቀየርኩ፣ በአጠገቡ ያሉትን የብረት ብሎኖች በናስ ተካሁ። ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ውስጥ ስፈትሸው ምንም እንከን የለበትም፤ አየር ላይ ሲወጣ ግን ያው ዐመሉ ይነሣበታል። ለሦስት ወር ያህል ማታ ማታ በጸሎቴ መጨረሻ «የተሰወረውን ግለጥልኝ» እል ነበር። ስለ ሽቦ መጸለይ የሚያስቃችሁ ካላችሁ አልቀየምም።

የዚያን ቀን ከሊንችበርግ ተነሥቼ 96 የባሕር ማይል ያህል ወደሚርቀው ወደ ካልፔፐር፣ በ50 ዲግሪ (ወደ ሰሜን ምሥራቅ) አቅጣጫና በ3,500 ጫማ ከፍታ እበር ነበር። በዚያ ዓመት የካናዳ ደን ቃጠሎ ጭስ እስከ እኛ ድረስ ይወርድ ስለነበር ሰማዩ ወተት መስሏል፤ ስለዚህ ሌሎች አብራሪዎች እንዲያዩኝ የክንፉን መብራት አበራሁ። ጥቂት ቆይቶ ጂፒኤሱን የማይበት ታብሌት፣ በመስተዋቱ በሚገባው ፀሐይ ግሎ ራሱን አጠፋ። የቀረኝ ስክሪኑ ነው፤ እርሱም ሳይነቃነቅ 50 ይላል።

ከተነሣሁ ወደ 12 ደቂቃ ሲሆነኝ ከሥሬ መኖር የነበረበትን 29 ቁጥር አውራ ጎዳና ፈለግሁ፤ የማየው ግን ጫካ፣ ያውም ወደ እኔ ከፍ እያለ የሚመጣ ጫካ ነው። ጉሮሮዬ ደረቀ። አማተብኩና «ጌታ ሆይ፣ መንገዱ ጠፍቶኛል፤ አንተ አሳየኝ» አልኩ፤ ስለቱንም የተሳልኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀና ስል ዓይኔ ያረፈው ከመሣሪያዎቹ በላይ ባለው፣ በፈሳሽ በተሞላው አሮጌ ኮምፓስ ላይ ነበር። 25 ይላል። ከስክሪኑ ጋር ሲጋጩ ከዚያ በፊትም አይቼ ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ብረት ያሳተው እርሱ ነው ብዬ፣ ውድና ብሩህ የሆነውን ስክሪን አምኜ ኖሬአለሁ። ወዲያው «መጨረሻ ላይ ያበራኸውን አጥፋ» የሚል ሐሳብ በልቤ መጣ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። እጄ ግን ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሄደ፤ ገና ከመጫኔ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ50 ወደ 26 ወረደ።

ወደ ቀኝ አጥፌ ከፍታ ጨመርኩ። በግራ ትከሻዬ በኩል፣ በጭሱ ውስጥ፣ አናቱ ከእኔ በላይ የሆነ ጥቁር ተራራ አለፈ። ካረፍኩ በኋላ በካርታ ላይ ስፈልገው ከፍታው 4,063 ጫማ ሲሆን ስሙም ዘ ፕሪስት፣ በእኛ ቋንቋ «ቄሱ» ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ንስሐ አባትህ ዘንድ ብትሄድ ይቀርብህ ነበር» አለችኝ፤ ከሳቋ በኋላ ግን ብዙ አለቀሰች።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። የ55 ዋት መብራቱ ከ4 አምፔር በላይ የሚስብ ሲሆን፣ ሽቦው ከማግኔቶሜትሩ በግማሽ ስንዝር ርቀት ያልፋል። መመለሻ ሽቦ በመዘርጋት ፈንታ የመብራቱን ኔጋቲቭ ከክንፉ አልሙኒየም ጋር አገናኝቼው ነበር። ሁለት ሽቦዎች ተገማምደው ቢሄዱ የአንዱ መግነጢስ የሌላውን ይሽር ነበር፤ ብቻውን የሚሄደው ሽቦ ግን መሣሪያውን ወደ ራሱ አሳተው። ለሦስት ወር ስፈትሽ አንድም ቀን መብራቱን አብርቼ አላየሁም፤ ቀን ለቀን ሃንጋር ውስጥ መብራት ማን ያበራል?

በዚያው ሳምንት መመለሻ ሽቦውን ዘርግቼ ከሌላው ጋር ገመድኩት። ሞተሩን አስነሥቼም የፈተናውን ውጤት በጥገና መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ «መብራት ጠፍቶ 050፤ መብራት በርቶ 051።»