የኤሚ ሌቪ ፎቶ ቤት

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ዝናብ ነበር። አውቶቡስ ይዤ ላይኛው ፎቅ ወጣሁና ከፊተኛው መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የኤሚ ሌቪ ልብ ወለድ ነበር፤ ለመጨረስ 30 ገጽ ያህል ቀርቶኛል። ሳነብ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

እስከ አምና ድረስ ስሟን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ኤሚ ሌቪ እዚሁ ለንደን፣ ክላፓም በሚባለው ሰፈር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1861 ተወለደች። ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ቤተሰቦቿ አይሁዶች ናቸው። በ1879 ካምብሪጅ፣ ኒውንሃም ኮሌጅ ገባች። እዚያ ኮሌጅ ከእሷ በፊት የተማረች አይሁዳዊት የለችም። ያን ጊዜ ካምብሪጅ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ የተሰጠው በ1948 ነው። እሷም የመጨረሻውን ፈተና ሳትወስድ በ1881 ወጣች። በዚያው ዓመት ግን የመጀመሪያዋን የግጥም መጽሐፍ አሳተመች።

የመጽሐፉ ዋና ግጥም የሶቅራጥስ ሚስት በእርጅናዋ የምትናገረው ነው። ያቺ ነዝናዛ እየተባለች ስሟ የጠፋው ሴት። ልጅ ሳለች እውቀት ይጠማት ነበር። ታላቁን ፈላስፋ ስታገባ ያስተምረኛል ብላ ነው ያገባችው። አንድ ቀን እሱና ወዳጆቹ ተቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ሲያወሩ የወይን ጠጅ ይዛ ትመጣለች። የሚሉትን ስትሰማ አላስችል ይላትና ትናገራለች። ያሾፉባታል። አቁማዳውን መሬት ላይ ትወረውረዋለች፤ ቀዩ ወይን እብነ በረዱ ላይ ይፈሳል፣ ነጭ ልብሷን ያቀልመዋል። እሷም ሮጣ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያላት ፈትል ብቻ ነው። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ እቆያለሁ። ይህን ስትጽፍ እኮ ገና ተማሪ ነበረች!

ዛሬ የጨረስኩት ግን በ1888 ያወጣችውን፣ ስለ ሱቅ የሚያወራውን ልብ ወለድ ነው። አራት እህትማማቾች አባታቸው ይሞትባቸዋል። ገንዘብ የለም። ዘመድ እየተከፋፈለ ሊወስዳቸው ያስባል። እነሱ አንለያይም ይሉና ቤከር ስትሪት ላይ ፎቶ ቤት ይከፍታሉ። ሴቶች! ያውም በዚያ ዘመን! አክስታቸው ታፍራለች። የጨዋ ልጅ ነጋዴ ስትሆን ምን ይባላል?

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባታችን ሲሞት በራችን ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ነበር። አጎቴ «እኛ ሞተናል ወይ?» ብሎ ተቆጣ። እናቴ መልስ አልሰጠችውም። መደርደሪያውን ስትወለውል፣ በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ስታይ አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው አልነበረም። እህትማማቾቹም እንደዚያው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ኤሚ ሌቪ ያን መጠበቅ ታውቀዋለች።

መሐሉ ላይ በጣም የምወደው ቦታ አለ። ገርትሩድ የምትባለው እህት በፈረስ የሚጎተት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ላዩ ላይ መቀመጥ ለጨዋ ሴት ነውር ነበር። እሷ ግን ሠረገላ መክፈል አልችልም ተብሎ ከፀሐይና ከመንገዱ ተዘግቼ ልኑር? ትላለች። ልክ በዚያች ሰዓት የአክስቷ ሠረገላ በሥር ያልፋል! አውቶቡሱ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ኤሚ ስለ አውቶቡስ የጻፈችው ግጥምም አለ። ሌላው በሠረገላው ይሂድ፣ ለእኔ አውቶቡስ ይበቃኛል ነው የምትለው።

መጨረሻው አሳዘነኝ። ታናሿ ፊሊስ፣ ቆንጆዋ፣ ሚስት ካለው ሰዓሊ ጋር ትሄዳለች። ገርትሩድ በበረዶ ሄዳ ትመልሳታለች፤ ብዙ ሳትቆይ ግን ትሞታለች። የዘመኑ ልብ ወለድ የተሳሳተች ሴት በሕይወት እንድትኖር አይፈቅድም። የቀሩት ይዳራሉ። ኤሚ ሌቪ ከዚህ ልማድ ትወጣለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

በዚያው በ1888 ስለ ለንደን አይሁዶች የጻፈችው ልብ ወለድ «ሩበን ሳክስ» ወጣ። ብዙ የማኅበረሰቧ ሰዎች ተቆጡባት። ኤሊኖር ማርክስ፣ የካርል ማርክስ ልጅ፣ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመችው። ደራሲው ኦስካር ዋይልድም በሚያዘጋጀው የሴቶች መጽሔት ላይ ጽሑፎቿን ያወጣላት ነበር።

በመስከረም 1889 በገዛ እጇ ሞተች። 27 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት የመጨረሻ የግጥም መጽሐፏን የማተሚያ ቤት ረቂቅ አርማ ጨርሳ ነበር። ስለ እሷ የሚጻፍ መግቢያ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ሞት ይጀምራል። እኔ ግን ያን ረቂቅ ስታርም ነው የማስባት። ብዕር ይዛ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ወዲህ ወዲያ ስታደርግ።

ከዚያ መጽሐፎቿ ከገበያ ጠፉ። በ1993 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ልብ ወለዶቿንና ሌሎች ጽሑፎቿን በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ አወጣ። በ2001 የተረሱ ሴት ደራስያንን የሚያሳትመው ፐርሰፎኒ፣ «ሩበን ሳክስ»ን በዚያ በሚታወቅበት ግራጫ ሽፋን አሳተመ። እኔ የያዝኩት ስለ ሱቁ ያለው ደግሞ በ2006 በካናዳ አሳታሚ በኩል የወጣ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እነዚህን ገጾች እንደገና ባይተይብ ኖሮ፣ ገርትሩድ ዛሬ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ላይ አትወጣም ነበር።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር ፕሌን የሚባሉት ዛፎች ተደርድረዋል። የመጨረሻ መጽሐፏ ርዕስ የተወሰደው ከእነሱ ነው። ሌሎቹ ዛፎች የገጠር አየር ናፍቋቸው ሲጠወልጉ ይሄኛው ከተማ ይወዳል ትላለች። ከጣሪያ ሥር ካለች ክፍል መስኮት ሆና ቅርፊቱ ሲራገፍ ታየዋለች። እውነትም ግንዱ ቡራቡሬ ነው፤ እየተላጠ ከሥሩ አዲሱ ቢጫ ይታያል። አንድ የወደቀ ቁራጭ አነሳሁ። ርጥብ ነበር። ቤት ስገባ ማድረቂያው ላይ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ «ሩበን ሳክስ» ውስጥ ምልክት አደርገዋለሁ። ነገ እጀምረዋለሁ።