ሦስት ፕሮፎርማ

ሰኔ ለገበሬው የዘር ወር ነው። ለኔ ቢጤው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ግን አጨዳ ነው።

ሱቄ ሜክሲኮ አካባቢ ናት። ዓመቱን ሙሉ በእስክሪብቶና በፎቶ ኮፒ ስትፍጨረጨር ትከርማለች። ሰኔ አጋማሽ ሲደርስ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ "ለካ አያስፈልገውም ነበር" ተብሎ ለከርሞ እንዳይቀነስበት ይፈራል። ስለዚህ ይገዛል። ወረቀት፣ ቶነር፣ ቦክስ ፋይል። አንዴ ለአንድ ቢሮ 60 ስቴፕለር ሸጥኩ። ሠራተኞቹ ስንት ናቸው ብዬ ብጠይቀው ገዥው ሳቀና "አርባ" አለኝ።

ትንንሽ ግዥ በፕሮፎርማ ነው። ቢያንስ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል። ሲያወሩት ያምራል።

ሰኔ 2010 አንድ ገዥ መጣ። ትሁት ሰው ነው፣ የልጆቼን ደኅንነት ሳይቀር ጠየቀኝ። ከዚያ "ሌሎቹን ሁለቱንም አንተው ጨርስልኝ" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሁለት ጎረቤቶቼ ጋ ሄጄ ማኅተማቸውንና ባዶ ወረቀታቸውን ተዋስኩ። ማንም ለምን አላለኝም፤ በሳምንቱ እነሱም የኔን ይዋሳሉ።

የኔን በኒያላ ፊደል ጻፍኩት። ሁለተኛውን በፓወር ግዕዝ፣ ከፍ አድርጌ። ሦስተኛውን በእጄ። ያኔ በ120 ብር የምሸጠውን አንድ ደስጣ ወረቀት የኔን 165 አልኩት፤ የሌሎቹን 171 እና 178። በአንደኛው ላይ "ፕሮፎርማ" የሚለውን ሆን ብዬ አሳስቼ ጻፍኩ፣ የሌላ ሰው እጅ እንዲመስል። ማኅተሙንም አንዱን ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን ገደድ አድርጌ መታሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

200 ደስጣ ሸጥኩ። ልዩነቱ 9 ሺህ ብር ነው። የቫቱን ቀንሼ ወደ 7,800 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። ደረሰኙ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ፣ እንከን የሌለው ነው። መንግሥት ከተሰረቀው ላይ እንኳ ቫቱን አገኘ ማለት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነሳኝም። ነሳኝ ብል ውሸት ነው።

አምስት ወር አለፈ። ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ስለ ሜቴክ፣ ስለ መንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ መግለጫ ሰጡ። ሱቄ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰባት ስምንት ሰው ተኮልኩሏል። ያለ ጨረታ የተፈጸመ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ አንዲት ቫውቸር ጎደለች ብዬ ስንት ሌሊት ቢሮ አድሬያለሁ" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አልታወቀም። የቀረነው ተሳደብን። ከሁሉም አብልጬ የተሳደብኩት እኔ ነኝ።

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። እየተሳደብኩ ቀለል አለኝ። 37 ቢሊዮን ያለ ጨረታ በሚሄድበት አገር እኔ ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማ ሠርቻለሁ!

ከዚያ ወዲህ የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ምክር ቤት በቀረበ ቁጥር ሱቄ ውስጥ የሚባለው ያው ነው። "ያልተወራረደ"፣ "ያልተሰበሰበ"፣ "መመሪያ ያልተከተለ ግዥ"። ጋሼ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አማርኛው ራሱ ሰው የለበትም ይላሉ፤ ገንዘቡ በገዛ እግሩ ሄዶ ሳይወራረድ ቀረ፣ ግዥው መመሪያውን መንገድ ላይ ጠፋበት። ሰኔ 2017 ለቀጣዩ ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር በጀት ሲጸድቅ ረዳቴ ቁጥሩን ካልኩሌተር ላይ ሊጽፈው ሞከረ። የምንሸጠው ካልኩሌተር 12 አሃዝ ነው የሚይዘው። ይሄ 13 ነው። አንድ ደንበኛ "ግማሹ ይበላል" አለ። ከየት አመጣኸው ያለው የለም። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያልን እንስቃለን፤ ልጆቻችን ግን ቀልድ ይሁን ምክር በምን ያውቃሉ?

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት መጣች። የፌዴራሎቹ ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነበር፤ እኔ ጋ የሚመጣው ትንንሹ ግን ያኔም በእግር ነበር። ዝናብ መቷታል። ዶሴዋን በፌስታል ጠቅልላዋለች።

"ሠላሳ ደስጣ ወረቀትና አራት ቶነር። ምን ያህል ይቀንሱልኛል?"

"እህቴ፣ ላንቺ ስንት ልጨምርበት?"

"ምኑ ላይ?"

"ደረሰኙ ላይ ነዋ።"

"እንዲቀንሱልኝ ነው እኮ የጠየቅሁት።"

ወይ ከበድ ያለ ድርሻ ፈልጋለች፣ ወይ እኔን ልታስይዝ ተልካለች ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛ ነገር አልመጣልኝም። ለማንኛውም ብዬ የተለመደውን ዋጋ ከነጭማሪው ጻፍኩ፣ ፖስታውን አሽጌ ሰጠኋት። እንደወጣች ጋሼ "አዲስ ናት፣ ትለምዳለች" አሉ። ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ለመደች ማለት ነው አልኩ በልቤ።

"የእርስዎ ዋጋ ከሦስቱ ከፍተኛው ሆኗል። ስለተሳተፉ እናመሰግናለን" አለች።

በዚህ ሥራ ስኖር ተሸንፈሃል ብሎ ሊነግረኝ በእግሩ የመጣ የለም። ማን እንዳሸነፈ ጠየቅኳት። ማኅተሙን የምዋሰው ጎረቤቴ ነው። እሱም "አላመንኳትም፣ ግን ዝም ብዬ ትክክለኛውን ጻፍኩ" አለኝ በኋላ።

ከመሄዷ በፊት አንዲት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደረገች። አምስት ብር ከፈለች። ቆመች።

"ምን ጎደለ?" አልኳት።

"ደረሰኝ።"

ለአምስት ብር ደረሰኝ ቆርጬ አላውቅም። ማሽኑ ጭራሽ ወረቀት ጨርሷል። ረዳቴ ጥቅሉን ከመጋዘን እስኪያመጣ፣ እኔ ክዳኑን ከፍቼ እስክቀይር፣ ዶሴዋን አቅፋ ጠበቀች። ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው እንድትቀመጥ አሳዩዋት።