የጥሬ ቡና ሽታን በሴንሰር መለየት፦ ከሴንሰሩ ይልቅ የአየሩ አያያዝ ይከብዳል

ከመጠን በላይ የተብላላ ወይም የሻገተ ጥሬ ቡና ከጥሩው ጋር ከተደባለቀ በኋላ መልሶ መለየት አድካሚ ነው፤ ጥቂት ፍሬ የሙሉ ሲኒን ጣዕም ያበላሻል። እዚህ የምጽፈው ቡናው ገና በኬሻ እያለ እንዲህ ያለውን ሽታ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ጅማ ላይ እንዴት እንደሠራሁ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት የጋዝ ሴንሰሮች ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ውጤቱን የሚወስነው ግን ወደ ሴንሰሩ የሚገባው አየር አያያዝ ነው።

መጀመሪያ ሴንሰሩ የሚያደርገውን እንይ። ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ እ.ኤ.አ. በ1962 ፓተንት ያስገባበት ዓይነት ሴንሰር በቲን ኦክሳይድ የተሠራ ነው። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን ገጹ ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሮኖችን ይይዛል፤ ሬዚስታንሱም (ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን) ከፍ ይላል። እንደ አልኮል ያለ ተን ሲመጣ ከዚያ ኦክስጅን ጋር ይቃጠላል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። ስለዚህ ሴንሰሩ አልኮልን ከሌላው ተን ለይቶ አያውቅም፤ የሚቃጠል ነገር መጥቶ እንደሆነ ብቻ ይናገራል። መለየት የሚቻለው የተለያዩ ሴንሰሮችን መልስ አንድ ላይ በማንበብ ነው። ፐርሶድ እና ዶድ እ.ኤ.አ. በ1982 «የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ»ን ያቀረቡት በዚህ ሐሳብ ነበር።

የመረጥኳቸው አራት ናቸው፦ ኤምኪው-3፣ ኤምኪው-135፣ ቲጂኤስ2602 እና ቲጂኤስ2620። አራት ያደረግኳቸው ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኤዲኤስ1115 የሚባለው ባለ 16 ቢት መቀየሪያ አራት መግቢያ ስላለው ነው። ለሙቀትና ለእርጥበት ኤስኤችቲ31 ተጨምሯል፤ ሁሉንም የሚያነበው አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሴንሰሮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን የማይዝግ ብረት ዕቃ ነው። ክዳኑ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ከሥሩ ደግሞ ኤ3144 የሚባል ማግኔት የሚለይ ሆል ሴንሰር አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት መረጃው ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህ ሴንሰር የሚነቃው ለማግኔቱ ደቡብ ዋልታ ብቻ ስለሆነ ካልሠራ ማግኔቱን ገልብጡት፤ ከመውጫው ወደ 5 ቮልትም 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል።

የኤምኪው ሞጁሎች ላይ አንድ ነገር ሳይቀየር መሥራት የለበትም። አብዛኞቹ ላይ «102» የተጻፈበት 1 ኪሎ ኦም የጭነት ሬዚስተር (ከሴንሰሩ ጋር ቮልቴጁን የሚካፈል) አለ። ሴንሰሩ በንጹሕ አየር 60 ኪሎ ኦም ቢሆን መውጫው 0.08 ቮልት ብቻ ነው፤ በኡኖው የራሱ ማንበቢያ ከ1,024 ደረጃ 17 ያህሉ ማለት ነው። ይህን ነቅሎ 20 ኪሎ ኦም ሲተካ ያው ሴንሰር 1.25 ቮልት ይሰጣል። የሬዚስታንሱ ስሌት፦ 5 ቮልት ለመውጫው ቮልቴጅ ሲካፈል፣ 1 ሲቀነስ፣ በጭነት ሬዚስተሩ ሲባዛ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ኤምኪዎቹ እያንዳንዳቸው እስከ 150 ሚሊ አምፔር፣ ቲጂኤሶቹ 56 እና 42 ይወስዳሉ። ይህ ከኡኖው 5 ቮልት ላይ መሳብ የለበትም፤ የራሱ ባለ 5 ቮልት መስመር ይሠራለት። አየሩን ወደ ሴንሰሮቹ የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ ከ12 ቮልቱ ባትሪ በቀጥታ ይመገብ። ፓምፑ ሲነሳ የሴንሰሮቹ መስመር ትንሽ ቢወርድ እንኳ ማሞቂያው ይቀዘቅዛልና ግራፉ ላይ ሽታ የሚመስል ነገር ይታያል። ፓምፑ ላይ በተቃራኒ 1ኤን4007 ዳዮድ አይረሳ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ከጠፋ መነሻው (የንጹሕ አየር ንባቡ) እስኪረጋ ብዙ ሰዓት ይባክናል፤ አዲስ ሴንሰርማ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይሞቅ አይታመንም። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ እንኳ ይህን ጭነት ከ12 ሰዓት በላይ ይሸከማል።

ማሸጊያ ላይ ሲሊኮን ፈጽሞ አይግባ። ተኑ ገጹ ላይ ሄዶ ወደ ሲሊካ ይለወጣል፤ ሴንሰሩ ይታወራል፣ አይመለስም። እኔ የምጠቀመው የቧንቧ ቴፍሎን ነው። የግሉኮስ ቱቦ ሽታ ስለሚይዝ ለንጹሕ አየሩ አንድ፣ ለናሙናው ሌላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አየሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ኦክስጅኑ በዚያው ልክ ስለሚሳሳ የንጹሕ አየር ሬዚስታንስ ከአምራቹ ሰንጠረዥ ዝቅ ይላል፤ ከሰንጠረዡ በቀጥታ የተወሰደ የፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ቁጥር እዚህ አይሠራም። የራስን መለኪያ ማዘጋጀት ይቻላል። የፋርማሲ 70% አልኮል 1 ሚሊ ሊትር ከ6 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውኃ ጋር ሲደባለቅ 10% ይሆናል። በዩ-100 የኢንሱሊን መርፌ 4 ዩኒት፣ ማለትም 40 ማይክሮ ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር ዝግ ዕቃ ውስጥ ሲተን 103 ፒፒኤም ያህል አልኮል ይሰጣል። መጻሕፍት ላይ ያለው የአንድ ሞል ጋዝ መጠን፣ 24.45 ሊትር፣ ለባሕር ጠለል ነው፤ በ22 ዲግሪ ጅማ ላይ 30 ሊትር ነው የሚሆነው። አብሮ የሚተነው ውኃ እርጥበቱን በ9 የመቶኛ ነጥብ ያህል ስለሚያሳድገው በባዶ ውኃ ብቻ ያንኑ መድገምና ልዩነቱን መውሰድ ግድ ነው።

እርጥበት ከሁሉ የባሰ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ። ሴንሰሩ ለእርጥበትም ሬዚስታንሱን ስለሚያወርድ፣ በደረቅ አየር ተነስቶ ናሙና ሲገባለት ቡናው ጥሩ ሆኖ ሳለ «ሽታ አለ» ይላል። በሲሊካ ጄል አድርቆ መነሻ መውሰድን የምቃወመው ለዚህ ነው። መነሻ አየሩ በአክቲቬትድ ካርቦን ከተጣራ በኋላ ውኃ በጠገበ የገበታ ጨው ላይ ያልፋል፤ ይህ እርጥበቱን 75% ላይ ያቆመዋል። በደንብ የደረቀ ቡና ማሰሮ ውስጥ ያለው አየር ከዚህ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ናሙናው ሲገባ እርጥበቱ ሬዚስታንሱን ወደ ላይ ነው የሚገፋው፤ ሬዚስታንሱ ከወረደ ምክንያቱ ተን ነው። የማብሰያ ከሰል አክቲቬትድ ካርቦንን አይተካም።

ሽታው እንዲበረታ ናሙናውን 40 ዲግሪ ማሞቅ ብዙዎች ይመክራሉ። እዚህ አይሆንም። በዚያ ሙቀት ከቡናው በላይ ያለው አየር በሜትር ኩብ 30 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል፤ 22 ዲግሪ ያለ ቱቦ ግን ከ19 በላይ አይችልም። ቀሪው ቱቦው ውስጥ ጠል ሆኖ ይቀርና የሚቀጥለውን ናሙና ሽታ ይዞ ይጠብቃል። 100 ግራም ጥሬ ቡና ባለ 1 ሊትር የመስታወት ማሰሮ ውስጥ በክፍሉ ሙቀት ሁለት ሰዓት ተዘግቶ ቢቆይ ይሻላል። ከዚያ 5 ደቂቃ መነሻ አየር፣ 2 ደቂቃ ናሙና፣ 8 ደቂቃ ማጠቢያ። በሚለካበት ክፍል ቡና አይቆላ፣ ዕጣን አይጨስ፤ እጅ በአልኮል የተጠረገ ከሆነ ይድረቅ።

ለማነጻጸሪያ የተበላሸ ቡና ሆን ብሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እሸት ቡና በፕላስቲክ ታስሮ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ሲደርቅ የተብላላውን ይሰጣል። ለሻጋታው፣ 11% እርጥበት ያለው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ላይ 85 ግራም ውኃ ሲጨመር 18% ይደርሳል። ይህ የሚያዘው በጭምብልና በጓንት ነው፤ ሲያበቃ ይቀበራል፣ ማንም እንዳይቆላው። መሣሪያው ኦክራቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አያይም፤ መርዙ አይተንም፣ የሚታየው የሻጋታው ተን ብቻ ነው። ሪዮ የሚባለውን መድኃኒት መሰል ጣዕም የሚያመጣው ትራይክሎሮአኒሶልም እጅግ በጥቂቱ ስለሚሸት ከእነዚህ ሴንሰሮች አቅም በታች ነው፤ እዚያ ላይ ቀማሽ አይተካም።

መረጃውን ስትተነትኑ የሬዚስታንሱን ለውጥ ለመነሻው አካፍሉ፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ቁልቁለትም ጨምሩ። ጥሩውን ቡና ሰኞ፣ የተበላሸውን ማክሰኞ ብትለኩ ከናሙናዎቹ ጥሩውን ከተበላሸው መለየት የሚሠለጥነው ፕሮግራም የሚማረው የማክሰኞን አየር ነው፤ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፣ መጋዘን ሲገባ ይወድቃል። በየቀኑ ሁለቱን በዕጣ አደባልቁ። ስትፈትኑም ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ ወረዳ የመጣ አንድ ሙሉ ጭነት ከሥልጠናው አውጥታችሁ በእሱ ፈትኑ፤ የአንድ ኬሻ ቡና በሁለቱም ወገን አይገኝ። የ103 ፒፒኤሙ መለኪያ በየሳምንቱ ይደገም፤ ከመጀመሪያው መልስ ከ20% በላይ የራቀ ሴንሰር ይቀየር፣ ፕሮግራሙም እንደገና ይሠልጥን።