ከቤቱ በፊት ማኅደሩን

እኔና ባለቤቴ በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት በተነሣንበት ወቅት ዐሥራ አንድ ቤት ዞረን አይተናል። በየቤቱ ቧንቧ ከፍተን ዘግተናል፣ የግድግዳ ስንጥቅ በጣታችን ዳብሰናል፣ የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ተከራክረናል። ከዐሥራ አንዱ ውስጥ ግን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ እንዲያሳዩን የጠየቅነው ሁለቱን ሻጮች ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይመስለኛል፤ ዓይን ቤቱ ላይ ይቀርና ሻጩና የቤቱ ሰነዶች ያሉበት ማኅደር ሳይታዩ ያልፋሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ስለሚደነግግ፣ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሕንፃውና ከሕንፃው ጋር ለሚተላለፍለት የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ይህ መብት በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ የተያዘ) ይሁን ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ)፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ይኑርበት አይኑርበት የሚናገረው ወረቀት ከሴራሚኩና ከቁም ሣጥኑ አስቀድሞ መታየት ነበረበት። እኛ ይህን የተማርነው በሰባተኛው ቤት ነው።

ቤቱ ሰሚት አካባቢ የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት ዱባይ ስለምትኖር የሚያሻሽጠው ወንድምዋ ነበር። ደላላው፣ «ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሊፈራረም ነው፤ 200 ሺህ ብር ቀብድ ጣል አድርጉና ያዙት» ስላለን በቀጥታ ወደ ባንክ ሄድን። ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ ባለቤቴ ደስታዋን ልታካፍል ለአጎቷ ደወለች። አጎቷ ለረጅም ዓመታት በፍርድ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው።

«የሚፈርመው ማነው?» አሏት፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሳይሉ።

«ወንድምየው ነው፣ ጋሼ። ውክልና አለው።»

«እስቲ ውክልናውን አንብቢልኝ። ሳታሳጥሪ።»

ፎቶውን ከስልኬ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል፣ የውኃና የመብራት ሂሳብ እንዲከፍል፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከር፣ ጠበቃ እንዲያቆም። ወረቀቱ አለቀ። «እንዲሸጥ» የሚል ቃል የለበትም። «የመሸጥ ሥልጣን ሳይኖረው ምን ሊሸጥልሽ ነው?» ብለው ጋሼ ስልኩን ዘጉት። ከወረፋው ወጣን።

በኋላ እንዳስረዱን፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የወንድምየው ወረቀት ደግሞ ይህን ቢያሟላ እንኳ ሌላ ቀዳዳ ነበረበት፤ የቤቱ ባለቤት ባለትዳር ናት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። ካርታው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ መኖሩ ንብረቱ የግል ነው ማለት እንዳልሆነ እኔ በበኩሌ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ስለ ቀብዱም ቢሆን የነበረን እምነት የዋህነት ነበር። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ከተወ እጥፉን ይመልሳል የሚለው ደንብ በሕጉ ውስጥ ስላለ ገንዘባችን የተጠበቀ መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ ካፌ ጠረጴዛ ላይ በደላላ እስክሪብቶ የተፈረመ ወረቀት ይዞ «እጥፉን አምጣ» ማለት ረጅም ክርክር ውስጥ መግባት ነው። (ደላሎችን በጅምላ መውቀሴ አይደለም፤ በመጨረሻ የገዛነውን ቤት ያገኘልን ደላላ ነው። የሚከፈለው ግን ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ የእሱ ጥድፊያ የእኛ ጥድፊያ መሆን አልነበረበትም።)

በዋጋው ርካሽነት ልባችንን የሰቀለው ደግሞ ዘጠነኛው ቤት ነበር። በዕጣ የደረሰ፣ ለመሸጥ የተጣለበት የ5 ዓመት ገደብ ገና ያልሞላ ኮንዶሚኒየም ነው። ሻጩ «ውክልናም፣ ኑዛዜም፣ የብድር ውልም እፈርምላችኋለሁ» አለን። ሦስት ወረቀት ተደራርቦ የአንድ ሽያጭ ውል ቦታ እንደማይሞላ ያስተዋልኩት ጋሼ አንድ ነገር ካሉ በኋላ ነው፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፣ ኑዛዜም ተናዛዡ በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዳይ ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ነበር።

ገንዘብ ስንቆጥርም የቆጠርነው የቤቱን ዋጋ ብቻ ነበር። ስም ለማዛወር አሹራና ቴምብር ተደምሮ 6 በመቶ፣ ለደላላ ደግሞ በልማድ 2 በመቶ ስንከፍል፣ በ4 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ ያላሰብነው 320 ሺህ ብር መጣ። ይህን ለመቀነስ በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንድንጽፍ ተመክረን ነበር፤ እምቢ ያልነው ከጽድቅ ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ «ይመለስልኝ» ብዬ የምከራከረው በተጻፈው ዋጋ ነው፤ የቀረውን መክፈሌን የሚመሰክርልኝ ወረቀት አይኖርም።

በግቢ ቤት ላይ መንገድ እንደሚያልፍበትና እንደማያልፍበት በማስተር ፕላኑ ማጣራት፣ ካርታ የሌለው ከሆነም በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ (ከአየር ላይ በተነሣው የከተማው ምስል) ላይ ይታይ እንደሆነ መጠየቅ የግድ ነው፤ እኛ የገዛነው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ይህ አልገጠመንም።

የገዛነው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ አብረው ውልና ማስረጃ ቀርበው ፈረሙልን፣ ማኅደሩም ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፊርማው በፊት በእጃችን ነበር። ከመፈራረማችን በፊት በነበረው ማክሰኞ ማታ፣ ያለ ደላላው፣ ሄደን የጎን በር አንኳኳን። የከፈቱልን እናት ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ፣ ግፊቱም አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደሆነ ነገሩን። ሻጮቹ ይህን አልሸሸጉም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም ነበር። በማግስቱ አንሥተንላቸው የሮቶና የፓምፕ ወጪ ከዋጋው ላይ ተቀነሰልን። አሁን ሐሙስ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ፓምፑን የማበራው እኔ ነኝ።