በየበሩ እጅ መንሳት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስዛወር ይዤ የወጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ላፕቶፕ እና አንድ ገጽ ስዕል ነበር። ስዕሉ የግቢ መግቢያ ስዕል ነው። ኮምቦልቻ ላይ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስቆጣጠር ዓመት ከመንፈቅ ስለሠራሁበት በቃሌ እወጣዋለሁ። የእግረኛው መንገድ ስፋት 2 ሜትር። የከርብስቶኑ (የጠርዝ ድንጋዩ) ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር። የሰው ግቢ በር ፊት ሲደርስ ከርቡ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የእግረኛው መንገድም አብሮት ይወርዳል። መኪናው ሰተት ብሎ ይገባል። አለቀ።

ኮምቦልቻ ሜዳ ናት። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ያለው እዚያው ነው። ወደ ደሴ የሚበር ሰው እንኳ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ላይ አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ ከየት ይመጣል? ሐረጎን ወጥተህ ስትጨርስ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ገደማ ደርሰሃል። ጆሮህ ይደፈናል፣ ጃኬት ትደርባለህ። እኔም ጃኬቱን ደረብኩ። ስዕሉን ግን አልቀየርኩም።

ሥራው ወደ ጦሳ አቅጣጫ የሚወጣ 600 ሜትር የሚሆን የሰፈር መንገድ ነበር። ኮብልስቶን ይነጠፋል፤ በግራ በኩል የእግረኛ መንገድ፣ በቀኝ በኩል ዲች (የጎርፍ ቦይ)። ደሴን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ሳያየው ያውቀዋል። በርዝመቱ ዳገት ነው። በስፋቱ ደግሞ በግራ ያሉት ግቢዎች ከመንገዱ በላይ ተሰቅለዋል፣ በቀኝ ያሉት ከመንገዱ በታች ተቀብረዋል። የታችኞቹ ጎርፍ እንዳይገባባቸው በራቸው ላይ የሚሠሩትን ጉብታ፣ ዲቹን በድንጋይ ሞልተው መኪና የሚያሻግሩበትን ነገር ሌላ ቀን አወራዋለሁ። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የዛሬው ወሬ የግራው ነው።

በግራ በኩል 31 በሮች አሉ። ከታች ጀምረን ወደ ላይ እየወጣን 14 በር ጨረስን። ደስ ብሎኛል። ሥራው ፈጣን ነው፣ ባለቤቶቹም አይጨቃጨቁም። የሁሉም መኪና ይገባል። መኪና የሌለውም "ነገ ልገዛ እችላለሁ" ብሎ በሩን አስፍቶ ያሠራል። አንዱማ 3 ሜትር ተኩል የነበረውን መግቢያ 6 ሜትር አስደረገኝ። ግቢው ውስጥ ያለው አንዲት ላምና አንድ የሳር ክምር ነው።

ታዲያ አንዲት እማማ አሉ። መሀል ሰፈር ላይ ነው ቤታቸው። ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ዘንቢል ይዘው፣ አዲሱን የእግረኛ መንገድ ትተው በኮብሉ መሀል ይወጣሉ። ባጃጁ ጡሩንባውን ያንባርቃል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ሦስት አራት ቀን አይቼ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም።

"እማማ፣ አዲሱ መንገድ እኮ ለእርስዎ ነው የተሠራው" አልኳቸው።

ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ግን እኔ ለልመና አልወጣሁም። በየበሩ እጅ የምነሳው ምን በድዬ ነው?"

ኮብል አንጣፊዎቹ ድንጋያቸውን ጥለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወሎዬ ለነገር መቼ ቃል ያጣል! እማማ "አብሽር፣ ባጃጁ ያውቀኛል፣ ይዞርልኛል" ብለውኝ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ቀልዱን ማታ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። በቃ፣ እንደ ቀልድ አለፈ።

አሁን ወደ ሐጂ ቤት እንሂድ። በሩ አሥራ ሁለተኛው ነው። ግቢያቸው ከመንገዱ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በእኔ ስዕል መኪናው ያንን ሁሉ ከፍታ 2 ሜትሩ የእግረኛ መንገድ ላይ መውጣት ነበረበት። ስሌቱን ያኔ አልሠራሁትም፤ አሁን ስሠራው 30 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሐጂ ነጭ ቪትዝ አለቻቸው። ቪትዝ ደግሞ ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና ናት። በመጀመሪያው ቀን ስትወጣ ሆዷ ጫፉ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የቀን ሠራተኞቹ ገፍተው አስገቧት። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሐጂ ሌሊቱን ግንበኛ ቀጥረው መወጣጫውን በኮንክሪት አስተካክለው አገኘሁ። ጫፉን ክብ አድርገው፣ እግረኛው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ላዩን ደግሞ ሊሾ። እንደ ሳሎን ወለል ያበራል።

ማስፈረስ ነበረብኝ። አላስፈረስኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በየቀኑ በአራት ሰዓት ቡና የሚጠራን የሐጂ ቤት ነው። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሳይደርስ እንዴት አፍርሱ እላለሁ?

መጋቢት ገባ። የበልግ ካፊያ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሌቭሉን (የከፍታ መለኪያውን መሣሪያ) ከነእግሩ ተሸክሜ ከላይ ወደ ታች እወርዳለሁ። ሐጂ በር ላይ ስደርስ እግሬ የት እንደሄደ አላውቅም። ሰማዩን አየሁ። ሌቭሉ ከትከሻዬ ወርዶ፣ ኮብሉን አቋርጦ፣ ተንከባልሎ ዲች ገባ። እኔ በእጄ መሬት ይዤ ቀረሁ። ፎርማኑ ከሩቅ እየሮጠ መጣና አነሳኝ። ደህና መሆኔን ሳይጠይቅ ያለው ነገር እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

"ኢንጂነር፣ አንተም እጅ ነሳህ?"

የእጄ አንጓ ተሰንጥቆ ጄሶ ገባ። የሌቭሉ መነጽር ተሰነጠቀ። ከእኔ አንጓ ይልቅ ቢሮውን ያሳሰበው የሌቭሉ መነጽር ነበር፤ ደብዳቤ ደረሰኝ። የተጻፈብኝ "በጥንቃቄ ጉድለት" ተብሎ ነው። አልተሟገትኩም። ጥንቃቄው የጎደለው ያን ቀን ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት እንደሆነ ግን ደብዳቤው አላወቀም።

በሳምንቱ የሥራው ዋና ተቆጣጣሪ፣ ሬዚደንት ኢንጂነሩ፣ ከላይ መጣ። ጋሼ ነው የምንለው፤ ፀጉሩ መንገድ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ደብዳቤውን ጠቅሶ አንድ ቃል አልተናገረም። "ና እንሂድ" አለኝ። ከእኔ ጋር የአንድ ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ብቻ ይዞ ከላይኛው የተሠራ በር ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። በየበሩ ጣውላውን ያስቀምጣል፣ ውሃ ልኩን ያስተካክላል፣ ክፍተቱን በሜትር ይለካል፣ እኔ በግራ እጄ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ በስፋቱ ለካ። የእግረኛ መንገድ ውሃ እንዲያፈስ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ቢያዘነብል ይበቃዋል። ግቢያቸው የሐጂን ያህል ከፍ ባላለ በሮቼ ላይ እንኳ በሜትር 8 ሆነ። ይህ ማለት እግረኛው በሩን ሲያልፍ አንድ እግሩ ከሌላው ያጥራል። ዳሌ ያመመው ሰው ይህን ያለ ውሃ ልክ ያውቀዋል።

ቀጥሎ በርዝመቱ ለካ። እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ከርቡ ከ15 ወደ 3 ሲወርድ 12 ሳንቲ ሜትር በአንድ ሜትር ውስጥ ይወርዳል። 12 በመቶ ማለት ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ ደግሞ አንድ ለአሥራ ሁለት፣ ማለትም ከ8 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን ነው። ይህ ኮምቦልቻ ላይም ልክ አልነበረም፤ ሜዳው ሸፍኖልኝ ነው እንጂ። ደሴ ላይ ግን መንገዱ ራሱ 9 በመቶ ዳገት አለው። ወደ ታች ለሚወርድ ሰው ሁለቱ ይደመራሉ። 21 በመቶ! እሱን ወርዶ ሳይጨርስ በሩ መሀል ትንሽ ይስተካከላል፣ ከዚያ መልሶ ያነሳዋል። ከዚያ የጎረቤት በር። ከዚያ እንደገና። አሥራ አራት ጊዜ።

"ስዕሉ ላይ መኪናው የት ነው ያለው?" አለኝ ጋሼ።

"በሩ ላይ።"

"እግረኛውስ?"

ስዕሉን አስታወስኩ። እግረኛ አልተሳለበትም።

ከዚያ እሱም እንደ አገሩ ሰው ተረበኝ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር (የግብዣ) አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። "አይጠየፍ ሥር እየኖርክ አሮጊት ትጠየፋለህ?" አለኝ። የእማማን ነገር ፎርማኑ ቀድሞ ነግሮታል ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ፣ እሱ ግን ቀልድ አልነበረም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም፣ መራመድ ችሎ ደረጃ ለማይችልም መግቢያ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። እማማ ሁለተኛዎቹ ናቸው። "ጤና ጣቢያው መወጣጫ አለው፣ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው" አለ ጋሼ። "ግን ሰውየው ከቤቱ ጤና ጣቢያው ድረስ በምን ይደርሳል? ባንተ በኩል አይደለም እንዴ?"

አዲሱን ስዕል ሐጂ በር ላይ ቆመን፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ነው የሠራነው። 2 ሜትሩን ለሁለት ከፈልነው። ከከርቡ ጎን ያለው 80 ሳንቲ ሜትር ለመብራት ምሰሶና ለዛፍ፣ የቀረው 120 ለሰው። ተሽከርካሪ ወንበር 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ 120 ይበቃዋል፤ ሁለት ወንበር ግን አያስተላልፍም። መኪናው ከርቡን የሚወጣው 80 ሳንቲ ሜትሩ ላይ ብቻ ነው። 12 ሳንቲ ሜትሩ ላይ የእግረኛው መንገድ ዝንባሌ ሲደመር 13.6 በ80፣ 17 በመቶ ይሆናል። ቀስ ብሎ ለሚወጣ መኪና ምንም አይደለም። 120ው ግን ከላይ እስከ ታች በር አለ የለም ሳይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መጎንበስ ካለ መኪናው ይጎንበስ።

የቀረውስ ከፍታ? የሐጂ ግቢ 60 ነው ብለናል። የእግረኛው መንገድ ጫፍ ላይ ስንደርስ ከርቡ 15፣ ዝንባሌው 4፣ በድምሩ 19 ያህሉን ወጥተናል። 41 ይቀራል። እሱ ከአጥሩ ውስጥ፣ በ4 ሜትር ላይ ተዘርግቶ መውጣት አለበት። 10 በመቶ ገደማ። ይህን ማን ለሐጂ ይንገር?

እኔ ነገርኳቸው። ጄሶ የታሰረ እጅ ለሽምግልና ይጠቅማል። እጄን አዩት፣ ሊሿቸውን አዩት፣ ፂማቸውን ዳበሱ።

"ግቢዬን ልትበላብኝ ነው" አሉ።

"ሐጂ፣ እስከዛሬ እርስዎ ነበሩ መንገዱን የበሉት።"

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። ቡና የምትቀዳው ልጃቸው ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች። ሐጂ ግን አልተቆጡም። በቶናው ላይ ስለ ውሃው ጠየቁኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከግቢው ወደ ውጭ ሲዘቀዘቅ የግቢው ዝናብ ሁሉ እግረኛው መንገድ ላይ ይፈሳል። ሊሾውን ትተን ሌላ ማንሸራተቻ ልንሠራ ነበር! በሩ ሥር አግድም ጠባብ ቦይ ከነብረት ፍርግርጉ ጨመርን። በረካው ሲመጣ "መርሐባ፣ ግን ድንጋዩን እናንተ" አሉ። የተረፈውን ኮብል ሰጠናቸው።

ሊሾው በዶማ የፈረሰ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ከአሥር ቀን በኋላ ቪትዟ የምትገባበት ቀን ደግሞ ይበልጥ። ሐጂ መሪውን ይዘው በአንደኛ ማርሽ እያዘገሙ ይወጣሉ። እኔ፣ ፎርማኑና ሁለት አንጣፊዎች ኮብሉ ላይ በግንባራችን ተደፍተን የመኪናዋን ሆድ እናያለን። አንድ ጣት ይሆናል ክፍተቱ። አለፈች። ከላይ እልልታ ተሰማ። ማን እንዳለለ አላየሁም።

ቀሪዎቹ 17 በሮች በአዲሱ ስዕል ተሠሩ። ባለቤቶቹ ሐጂን እያዩ ዝም አሉ። ባለ 6 ሜትሩን ወደ 3 ተኩል መለስነው፣ ላሟ አልተቃወመችም። ከተሠሩት 14 ውስጥ ዘጠኙን አፍርሰን መልሰን ሠራን። የታችኞቹ አምስት ግን ቀሩ። ተለክተው፣ ተፈርሞባቸው፣ ክፍያቸው አልቋል። ኮንትራክተሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አልነካም አለ፣ ተጨማሪውን ደግሞ የሚፈቅድ አልተገኘም። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ መልስ አገኘ፤ "ወደፊት እናየዋለን" ይላል።

አሁንም ደሴ በሄድኩ ቁጥር በዚያ በኩል አልፋለሁ። አንድ ሰኞ እማማን ከኋላቸው ሆኜ አየኋቸው። አምስቱን በሮች በኮብሉ ወጡ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ከርቡን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉና ወደ እግረኛው መንገድ ወጡ። እኔም እንደሳቸው አምስቱን በኮብሉ ሄድኩ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብኝ።